አያቶቻችንን ከምናስታውስበት ቦታ አጭበርባሪውን አስወጡልን

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የታሪክና የትዝታ ገጾችን፣ ግሩፖችንና ቻናሎችን በአማርኛ ለምታስተዳድሩ አድሚኖች በሙሉ

እንደምን ከረማችሁ?

ይህን ደብዳቤ ለአንድ መሥሪያ ቤት መጻፍ እችል ነበር። ባሕር ማዶ ላሉት የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችም ብጽፍ ያስኬዳል። እናንተን የመረጥኩት ኮሜንቱን መሰረዝ የምትችሉት እናንተ ስለሆናችሁ ነው። ዛሬ ማታ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ስብሰባ አይፈልግም፣ በጀት አይፈልግም፣ የማንም ፊርማ አይፈልግም።

ጉዳዬ በምትለጥፏቸው የድሮ ፎቶዎች ሥር የሚርመሰመሰው ማጭበርበሪያ ነው። መቼም ታውቁታላችሁ። «እኚህ ሰው በሳምንት ውስጥ ሕይወቴን ቀየሩት፣ በቴሌግራም አናግሯቸው።» «ያለ ማስያዣ ብድር እንሰጣለን።» «የካናዳ ቪዛ በአጭር ጊዜ።» «ጥሎኝ የሄደውን ባሌን የመለሱልኝ አባት ስልካቸው ይኸውና።» ሰው ስለ አባቱ ጽፎ ሳይጨርስ እነዚህ ከሥሩ ይደረደራሉ። ብዙዎቻችሁ አይታችሁ ታልፉታላችሁ። ኮሜንት በበዛ ቁጥር ፖስቱ ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል የሚል ሒሳብ እንዳለም አውቃለሁ። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያልገባ ነገር ስላለ ነው የምጽፍላችሁ።

ነገሩን ከጣሳ ሥጋ ልጀምረው።

አያቴ የኮርያ ዘማች ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥተው ፑሳን ከወረዱት የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች አንዱ ናቸው። ሐምሌ 1945 ዓ.ም. ተኩስ እስኪቆም ድረስ በየዙሩ ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ተዋግተዋል። ከ120 በላይ ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ የተማረከ ግን የለም። ይህን ሁላችሁም በየዓመቱ ትለጥፉታላችሁ። ደግ አደረጋችሁ።

እኔ ቤት ውስጥ ስሰማ ያደግሁት ግን ስለ ምግብ ነው። ሻለቃው ከአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ስለነበር ስንቁም የአሜሪካኖቹ ነበር። ካርቶኑ ሲከፈት ጣሳ ነው። ሥጋ በቦሎቄ፣ ሥጋ በአትክልት፣ ዶሮ በአትክልት። አብሮት ደረቅ ብስኩት፣ በውኃ የሚበጠበጥ ቡና፣ ከረሜላ፣ ሲጋራ አለ። አያቴ የአሳማ ሥጋ ያለበት ጣሳ ሲደርሳቸው ከአሜሪካኖቹ ጋር በሌላ ይለዋወጡ ነበር። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲወርድ ጣሳው ይደርቃል። እሳት ማንደድ ደግሞ ያሉበትን ለጠላት ማሳየት ነው። ስለዚህ ጣሳውን ካፖርታቸው ውስጥ፣ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ያድራሉ። ጠዋት ሲከፍቱት መሐሉ አሁንም በረዶ ነው፤ ላዩ ላይ ሞራው ነጭ ሆኖ ረግቷል። ከቤት በርበሬ ይዘው ሄደው ነበር። አገራቸው ምን ያህል እንደራቀ የገባቸው በርበሬው ያለቀ ቀን እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

የሚገርመኝ፣ ከተመለሱ በኋላ ያንኑ ጣሳ መናፈቃቸው ነው። ደሞዝ በተቀበሉ ቀን የጣሳ ሥጋ ከግሮሰሪ ይዘው ይገባሉ። ማብሰሉም የእሳቸው ሥራ ነው፤ ወንድ ጓዳ በማይገባበት ዘመን። ቀይ ሽንኩርት በደንብ ያቁላላሉ። ሥጋውን በማንኪያ ፈረካክሰው ይጨምራሉ። ቃሪያ ይከትፉበታል፣ ያደረ እንጀራ ይፈረፍሩበታል። ሞራው ሲቀልጥ እንጀራውን ያርሰዋል። አክስቴ እስከ ዛሬ «የአባባ ፍርፍር» ትለዋለች። ሽታው ከግቢው በር ላይ ይቀበለን ነበር ትላለች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእናንተ ለታሪክ ሰዎቹ ይገባችኋል። በደርግ ዘመን መንግሥት የሰሜን ኮርያ ወዳጅ ሲሆን፣ ለደቡብ ኮርያ የተዋጋ ሰው አንገቱን ደፍቶ መኖር ነበረበት። አያቴ ሜዳሊያቸውን ከሣጥን ሥር ከተቱት። ስለ ውጊያው ማውራት አቆሙ። ስለ ጣሳ ሥጋ ማውራት ግን ማንንም አያስቆጣም። ስለዚህ ጦርነቱን ያወቅነው በምግቡ በኩል ነው። የቅርብ ጓደኛቸው የወደቀ ዕለት ጠዋት ሁለቱ አንድ ጣሳ ተካፍለው እንደበሉ ነገሩን። የሟቹ ማንኪያ እሳቸው ኪስ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ያለፈውን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። በብዙ የዘማች ቤት እንዲሁ እንደሆነ የተረዳሁት በኋላ፣ የሌሎችን ኮሜንት ሳነብ ነው።

ኮርያውያን ይህን ዓይነት ትዝታ የት እንዳደረሱት ተመልከቱ። ከጦርነቱ በኋላ ተርቦ የነበረ ሕዝብ ከአሜሪካ ጦር ሠፈር የሚወጣውን የጣሳ ሥጋና ቋሊማ በራሱ ኪምቺ (በቅመም የተብላላ ጎመን) እና ቃሪያ ቀቅሎ በላ። ቡዴ ጂጌ ይሉታል። ዛሬ ኡይጆንግቡ በምትባለው ከተማ በዚህ ወጥ የታወቀ የምግብ ቤቶች መንገድ አለ። በትልልቆቹ በዓሎቻቸው፣ በቹሶክና በሶላል፣ የጣሳ ሥጋ በካርቶን ተሽሞንሙኖ ለዘመድ ስጦታ ይሆናል። የረኃብ ዘመን ምግባቸውን አላፈሩበትም። ቹንቾን ከተማ ውስጥ ደግሞ ለእኛ ዘማቾች መታሰቢያ አቁመዋል።

እኛም አዲስ አበባ ላይ መታሰቢያ ፓርክ አለን። ስማቸው እዚያ አለ። ምን በሉ፣ በምን ሞቁ፣ ማታ ማታ ምን አወሩ የሚለው ግን እዚያ የለም። በ1943 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ዕድሜው ከ90 በላይ ነው። የቀረው በልጆቹና በልጅ ልጆቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው። እነሱ ደግሞ መጽሐፍ አይጽፉም። የሚጽፉት እናንተ ፎቶ ስትለጥፉ፣ ከሥሩ ነው። «አባቴም እዚያ ነበር» ብለው ይጀምራሉ። እናንተ ኮሜንት የምትሉት ለእኔ መዝገብ ቤት ነው።

አሁን ወደ ሆነው ነገር ልምጣ።

አንድ ገጽ፣ ስሙን አልጠራም፣ የቃኘው ወታደሮች ተቀምጠው ከጣሳ ሲበሉ የሚያሳይ ፎቶ ለጠፈ። «ከቤተሰባችሁ የዘመተ አለ?» ብሎ ጠየቀ። አክስቴ አየችው። እሷ በስልኳ የበዓል መልእክት ከማስተላለፍ ውጭ ብዙም አትጽፍም። ያን ቀን ግን ረጅም ጻፈች። ስለ ፍርፍሩ ጻፈች። ከቁልፏ ጋር ስለምትይዘው ጣሳ መክፈቻም ጻፈች።

መክፈቻዋን እኔም አውቃታለሁ። አሜሪካኖቹ ፒ-38 ይሏታል። ርዝመቷ አራት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሁለት ስስ ብረቶች ናቸው፣ በማጠፊያ የተያያዙ፤ ትንሿ ጠምዘዝ ያለች ስለት ናት። ስለቷን ትዘረጋላችሁ፣ ጎኗ ላይ ባለችው ስንጥቅ የጣሳውን ከንፈር ታስይዛላችሁ፣ ከዚያ እጃችሁን ወደ ላይና ወደ ታች እያነቃነቃችሁ ዙሪያውን ትበሳላችሁ። ጫፏ ላይ ቀዳዳ አላት። አያቴ በዚያች ቀዳዳ ክር አስገብተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሏት ነበር። ብረቷ አውራ ጣት የሚያርፍባት ቦታ ላይ ለስልሳ አንጸባራቂ ሆናለች።

አክስቴ ይህን ስትጽፍ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ከሐዋሳ አባቱም እንዲህ ዓይነት መክፈቻ እንደነበረው ጻፈ። አንዷ ከዋሽንግተን አባቷ ባዶውን ጣሳ ለምን እንደማይጥሉ ያወቀችው አሁን መሆኑን ጻፈች። አንድ አዛውንት፣ ራሳቸው ዘማች፣ በልጅ ልጃቸው እጅ አስጽፈው ጣሳውን በብብት ማሞቅ ከማን እንደተማሩ ተናገሩ። አክስቴ እያነበበች አለቀሰች። ደውላ አነበበችልኝ።

ከዚያ ሌላ መልስ መጣ። የመለሰው አካውንት የገጹን ስምና የገጹን ፎቶ ይዟል። «እንኳን ደስ አለዎት እናታችን። የዘማች ቤተሰብ መሆንዎን አረጋግጠናል። ለዘማች ልጅ ልጆች በተዘጋጀው የኮርያ የትምህርት ዕድል ተመርጠዋል። በውስጥ መስመር ያናግሩን።»

ይህ ውሸት የሚታመነው እውነት አጠገብ ስለቆመ ነው። ለኮርያ ዘማቾች የልጅ ልጆች የሚሰጥ የትምህርት ዕድል በእርግጥ አለ፤ ሄደው የተማሩም አሉ። አክስቴ ያንን ሰምታለች። ልጇ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ ነው። አናገረቻቸው። መጀመሪያ የምዝገባ ተባለች፣ ከፈለች። ቀጥሎ የሰነድ ማረጋገጫ፣ ከፈለች። ቀጥሎ ኢንሹራንስ። የልጇን ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ ፎቶ አንሥታ ላከች። ለቪዛ ቀጠሮ ተጨማሪ ሲጠይቋት ከእኔ ልትበደር ደወለች። ያኔ ነው የሰማሁት።

ብሩ ሄደ። ስለ ብሩ ብዙ አልልም፤ ለእሷ ትልቅ ብር ነው። ከብሩ በላይ የቆጨኝን ግን ልንገራችሁ። አክስቴ አፈረች። ሰው እንዳያይባት የጻፈችውን ኮሜንት ሰረዘችው። አንድ ኮሜንት ሲሰረዝ ከሥሩ የተጻፈው መልስ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የሐዋሳው ሰው ጽሑፍ ሄደ። የዋሽንግተኗ ሄደ። አዛውንቱ በልጅ ልጃቸው ያስጻፉት ሄደ። የአክስቴን ኮፒ ማንም አልያዘውም፤ የእሳቸውንም አልያዝነውም። በፖስቱ ላይ ዛሬ የቀረው የብድርና የቪዛ ማስታወቂያ ነው። ገጹ እስካሁን አላጠፋውም።

ሒሳቡ ውስጥ ያልገባው ነገር ይህ ነው።

ማጭበርበሪያው እንዴት እንደሚሠራ ከእናንተ በላይ የሚያይ የለም። ግን ለማታስተውሉት ያየሁትን ላስቀምጥ። የሚጽፉት ብቻቸውን አይደለም። አንዱ አካውንት ያመሰግናል፣ ሁለተኛው «እባክሽ እንዴት ላግኛቸው?» ይላል፣ ሦስተኛው ስልክ ይሰጣል። ሦስቱም የአንድ ሰው ናቸው። ፎቶው ከሌላ ሰው የተሰረቀ ነው። አማርኛው ብዙ ጊዜ በማሽን የተተረጎመ ስለሆነ ሴቲቱን «አንተ» ይላታል፣ ሰውየውን «ውዴ» ይለዋል። የሁሉም ዓላማ አንድ ነው፤ ሰውየውን ሰው ከሚያይበት ቦታ አውጥቶ ማንም ወደማያይበት ወደ ኢንቦክስ መውሰድ። እዚያ ከገባ በኋላ ጎረቤት አይደርስለትም። ስለዚህ ልትከላከሉ የምትችሉት በሩ ላይ፣ ኮሜንቱ ላይ ብቻ ነው።

ክፋቱ አዲስ አይደለም። በኢንተርኔት ላይ ከተለጠፉት የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የንግድ ማጥለቅለቂያዎች አንዱ ስለ ምን ነበር ብትሉ ስለ ዲቪ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የተባሉ ባልና ሚስት የአሪዞና ጠበቆች፣ ዩዝኔት በሚባለው የዚያን ጊዜ መወያያ ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ከ5,000 በላይ በሆኑ ቡድኖች ለጠፉ። የግሪን ካርድ ሎተሪ እንሙላላችሁ የሚል ነው፣ በክፍያ። ሎተሪውን መሙላት ግን በነጻ ነበር። ሰው ስለ ሒሳብ፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ውሻ አስተዳደግ በሚያወራበት ሁሉ ገብቶ ተለጠፈ። ካንተር በኋላ በቴነሲ ግዛት የጥብቅና ፈቃዱን ሲነጠቅ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ዲቪ በእኛ ቤት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። በየመንደሩ ፎቶ ኮፒ ቤት የተሰለፈውን ወጣት ሁላችንም አይተናል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ የአጭበርባሪው መንጠቆ ያው የመሄድ ተስፋ ነው። «ዲቪ ደርሶሃል» የሚል መልእክት ስንቱን ከእንቅልፉ አስነሥቷል። የአሜሪካ መንግሥት ለአሸናፊ በፌስቡክ ኮሜንትም ሆነ በቴሌግራም አይጽፍም፤ ሰውየው ራሱ ነው በማረጋገጫ ቁጥሩ በኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ገብቶ የሚያየው። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር በፖስታችሁ አናት ላይ ፒን ብታደርጓት ስንት ሰው ታድን ነበር። ስለ ኮርያው የትምህርት ዕድልም እንዲሁ፤ የትኛውም እውነተኛ ዕድል ተመራጩን በኮሜንት ሥር «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ አይጠራም።

እንግዲህ ምን እንድታደርጉ ነው የምለምነው?

ድንኳን ጥላችሁ ሰው ከጠራችሁ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ታስቀምጣላችሁ። ፎቶ ለጥፎ «ትዝታችሁን ጻፉ» ማለትም ያው ነው። ሰው ጠርታችኋል። ስለዚህ ቢያንስ ፖስቱ በሚሞቅበት በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ይቁምበት። ክፍያ የሌለው ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። አብዛኞቻችሁ ከሥራ መልስ፣ በራሳችሁ ዳታ ነው የምታስተዳድሩት። ለዚህም አመሰግናለሁ። ግን ብቻችሁን አትሁኑ። ውጭ አገር ያሉ ተከታዮቻችሁን ጠይቁ። አዲስ አበባ ሲተኛ ዋሽንግተን ነቅቷል። ማጭበርበሪያው ደግሞ የሚበዛው እናንተ በተኛችሁበት ሰዓት ነው። ተለዋውጦ የሚጠብቅ አንድ ወጣት ከወዲያ፣ አንድ ከወዲህ ቢገኝ ይበቃል።

ቀጥሎ ማሽኑን ተጠቀሙበት። በፌስቡክ ገጽ ላይ የሚታገዱ ቃላትን መመዝገቢያ ቦታ አለ። በዩቲዩብ ሊንክ ያለበትን ኮሜንት አድሚኑ ሳያየው እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል። በቴሌግራም ትልልቅ ግሩፖች የጸረ ስፓም ማብሪያ አለ፤ ሰው በተከታታይ እንዳይለጥፍ የሚያዘገይም አለ። እነዚህን ብዙዎቻችሁ ከፍታችሁ አይታችሁ አታውቁም ብል አልሳሳትም፤ ኮሜንቱን ማየት ይበቃል።

የአማርኛ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቃሉን አንዴ ጽፎ መተው አይበቃም። «ሥራ» ብላችሁ ከመዘገባችሁ «ስራ» ሊያመልጣችሁ ይችላል። ለእኛ አንድ ነው፣ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ፤ በሁሉም አጻጻፍ አስገቧቸው። «ስኮላርሺፕ»፣ «ስኮላርሽፕ»፣ «እስኮላርሺፕ» ሁሉንም። ግሱም ይለዋወጣል፤ «አናግሩኝ»፣ «ያናግሩን»፣ «አናግሯቸው»፣ «አዋሩኝ»። አጭበርባሪው ይህን ያውቃል። በፊደላቱ መሐል ነጥብ ይከታል፣ ክፍተት ይተዋል፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል። ስለዚህ ከቃሉ ይልቅ የሚይዘው ስልክ ቁጥሩና ሊንኩ ነው። በትዝታ ኮሜንት ውስጥ ስልክ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ቁጥርና ሊንክ ያለበትን ሁሉ ለጊዜው እንዲይዝላችሁ አድርጉ።

ይዞ ያቆይ ነው የምለው፣ ያጥፋ አይደለም። «ብድር» የሚለውን ቃል ብታግዱ አባቷ በብድር ገንዘብ ቤት እንዴት እንደሠሩ የምትጽፈዋ ሴት ትታገዳለች። ማሽኑ ይያዘው፣ ሰው ያንብበው፣ ከዚያ ይለቀቅ። የዘማችን ልጅ ጽሑፍ በስሕተት መሰረዝም ያው ጥፋት ነው።

የገጻችሁን ስምና ፎቶ ገልብጦ የሚመልሰውን ደግሞ ልዩ ቦታ ስጡት። አክስቴን የወሰዳት እሱ ነው። ለማያውቅ ዓይን ከእናንተ አይለይም። በየፖስቱ ላይ «እኛ ለማንም በውስጥ መስመር ገንዘብ አንጠይቅም» ብላችሁ ጻፉ። በትልቁ፣ ከፎቶው በላይ። አስመሳዩን ስታገኙትም ከገጻችሁ ማባረር ብቻ አይበቃም፤ ለኩባንያው ሪፖርት አድርጉት፣ ተከታዮቻችሁም እንዲያደርጉ ንገሯቸው።

ከመሰረዛችሁ በፊት ግን ስክሪን ሾት አንሡ። የአካውንቱን ሊንክና የሰጠውን ስልክ ያዙ። ሕግ አለን። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ተቀባዩ ያልፈቀደውን የሽያጭ ማስታወቂያ በኢሜይልና በመሰል አድራሻ ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ማጭበርበሩ ሲጨመርማ ነገሩ ሌላ ነው። ችግሩ ተበዳዩ ፖሊስ ጋ ሲደርስ አካውንቱ ጠፍቷል፣ ኮሜንቱ ጠፍቷል፣ የሚታይ ነገር የለም። እናንተ ጋ ቢቀመጥ ግን ይኖራል። አክስቴ ክስ ለማቅረብ ስትሄድ በእጇ የነበረው የላከችበት ደረሰኝ ብቻ ነበር።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ ይህኛው ለብዙዎቻችሁ አዲስ ሊሆን ይችላል። ትዝታዎቹን ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንድ ፖስት ሲቀዘቅዝ በጎ በጎዎቹን ኮሜንቶች ጸሐፊዎቹን አስፈቅዳችሁ ወደ አንድ ፋይል ገልብጡ። ሰው ቢሰርዝ፣ አካውንት ቢዘጋ፣ ገጹ ራሱ ቢጠፋ ያ ይቀራል። ዛሬ በሐዋሳው ሰውና በአዛውንቱ ላይ የደረሰው አይደርስም። ከዚያ ውስጥ የኮርያ ዘማቾችን የጣሳ ሥጋ ብቻ የሚመለከተውን ብትሰበስቡ ማንም ያልጻፈው የጦርነቱ ክፍል ይወጣል። ለቆሻሻው ማጽጃ ከምታጠፉት ጊዜ ግማሹን ለዚህ ብታውሉት ደስ ይለኛል።

ያጠናቀርኩት የቃላት ዝርዝር አለኝ። የብድር፣ የቪዛ፣ የፎሬክስ፣ የመተት፣ በየአጻጻፉ። ለሚፈልግ አድሚን በነጻ እልካለሁ፤ የሚጎድለውን ጨምሩበትና ለሌላው አሳልፉ። ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ተራ ተከታዮችም የአንድ አዛውንት ኮሜንት ሥር «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መልስ ካያችሁ ሪፖርት አድርጉ፤ ደግሞ ከሥሩ «እማማ፣ ይህ ውሸት ነው፣ አይደውሉ» ብላችሁ ጻፉ። ለአክስቴ ይህን የጻፈላት ሰው አልነበረም።

እሷን እንደገና እንድትጽፈው ለምኛታለሁ። እስካሁን እሺ አላለችም። ኮሜንቱን አጽድቶ የሚጠብቅ ገጽ ካለ አሳውቁኝ፤ ሊንኩን ወስጄ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፣ የሐዋሳውን ሰውም እንፈልገዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ የቃኘው ሻለቃ ወታደር የልጅ ልጅ
አዲስ አበባ